ከመልክ በፊት ደጃፍ፦ ስለማይረሱ ሕንፃዎች የቀረበ ምላሽ

የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከባለሙያውም ከተራው ነዋሪም የሚሰማው ወቀሳ ተመሳሳይ ነው። ከተማዋ መልኳን አጥታለች፤ መስታወት የለበሰው ሕንፃ ሁሉ ዱባይም ቢቆም ናይሮቢም ቢቆም ለውጥ የለውም ይባላል። ወቀሳውን ተከትሎ የሚመጣው መድኃኒትም የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን ከሩቅ የሚታይ፣ በቁመቱ ወይም በቅርጹ እንግዳ የሆነ ሕንፃ ይሠራ ይላል። ሁለተኛው ወገን የመሶብን፣ የጀበናን፣ የአክሱምን ሐውልት ምስል በሕንፃው ገላ ላይ እናሳርፍ ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሕንፃ የሚወደደውም የሚታወሰውም በውጭ መልኩ ነው ብለው ያምናሉ።

በወቀሳው እስማማለሁ። መድኃኒቱ ግን በሽታውን ያባብሰዋል ብዬ እከራከራለሁ። ሕንፃ በሰው ልብ የሚቀረው በዋነኛነት ሰውን በሚቀበልበት አኳኋን ነው። በየት ያስገባዋል? የት ያቆመዋል? ከማን ጋር ያገናኘዋል? በምን ብርሃን ውስጥ ያሳልፈዋል? ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የራሳችን ቅርሶች የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ከሩቅ መታየትን እንመልከት። ከሕንፃዎቻችን ሁሉ በዓለም ዘንድ የገነነው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከሩቅ አይታይም። ጣሪያው ከምድሩ እኩል ስለሆነ አፋፉ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሕንፃ መኖሩም አይታወቅም። ዛሬ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ በመሆኑ ዝናው የመስቀል ቅርጹ ብቻ ይመስለናል። ተሳላሚው ግን ከዐለቱ በተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል ይወርዳል፤ ግድግዳው ከግራና ከቀኝ ይዞት ይሄድና ድንገት ቤተ ክርስቲያኑ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በቤተ ማርያም ደግሞ በገና ዕለት ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በተባለው የዐለት አናት ላይ፣ ግማሾቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ሰው ያንን ቀን ሲያስታውስ ሕንፃውን ከዝማሬው ለይቶ ማስታወስ አይችልም። ደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ተንጠልጥሎ የወጣ ሰው ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም።

በአንጻሩ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ቁመት አለው። ከብዙ አቅጣጫ ስለሚታይ ለመንገደኛ ምልክት ይሆናል፤ ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የቁመት ክብር ዕድሜው የሚበልጠው እስኪመጣ ድረስ ነው። ረጅሙ በሚል ስም የታወቀ ሕንፃ ሁለተኛ በሆነ ማግስት ስለ እሱ የሚነገረው ነገር ያልቃል።

የገጠሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ይበልጥ ያስረዳል። ቁመት የለውም፤ ሥዕሉም ከውጭ አይታይም። የጣሪያው ሣር በየጊዜው ይለወጣል፤ ውሎ አድሮም በቆርቆሮ ይተካል፤ የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በድንጋይ ይሠራል። የማይለወጠው አደራደሩ ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ይህን ንድፍ አሳምረው ያውቁታል። በየት በር እንደሚገቡ፣ ጫማቸውን የት እንደሚያወልቁ፣ የት ቆመው እንደሚያስቀድሱ፣ ከየትኛው መጋረጃ እንደማይዘልቁ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም፤ ንድፉን ያጠኑት በእግራቸው ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ቢነደፍም ለምእመኑ እንግዳ ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የውጭ ጌጡ የአውሮፓ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ውስጥ የሚዞረው ሰው ግን የሚያውቀውን አደራደር ያገኛል።

ምልክትን በሕንፃ ላይ የማሳረፉን ሐሳብ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ይፈትነዋል። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት የጠራው የሲርት አዋጅ የታወጀበትን ቀን፣ በፈረንጆቹ 9/9/99ን፣ እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። ከሕንፃው ሥር የቆመ ሰው ግን 99.9 ሜትርን ከ95 ሜትር የሚለይበት ዓይን የለውም። ይባስ ብሎ ዕለቱ በአስተናጋጇ አገር አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ስለሆነ የቁጥሩ ምሥጢር ደጃፉን ሲሻገር ይጠፋል። በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ግቢ ፋሺስቶች የሠሩት ጠምዛዛ ደረጃም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ኢትዮጵያውያን አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት፤ ትርጉሙም ተገለበጠ። የተለጠፈ ምልክት በሌላ ምልክት ይሻራል።

ከእነዚህ ጋር አፍሪካ አዳራሽን እናነጻጽር። ከከተማዋ ዘመናዊ ሕንፃዎች አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። እዚህም ምልክት አለ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ሸፍኖ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግልና የወደፊት ተስፋ በሦስት ክፍል ይተርካል። ልዩነቱ ምልክቱ በገባበት ቦታ ላይ ነው። መስታወቱ የመግቢያው ግድግዳም መስኮትም ነው፤ ወደ ስብሰባው የሚያልፍ ሁሉ በእሱ ብርሃን ውስጥ ያልፋል። 99.9 ሜትሩ በ98 ቢተካ የሚያውቅ የለም፤ የአፈወርቅ መስታወት ቢነሣ ግን መግቢያው ሌላ ቦታ ይሆናል። ጌጥ የሕንፃው አካል ሆነ የምንለው ሲነሣ ሕንፃው የሚጎድል እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ ክርክር ከባዱ ተቃውሞ ከራሱ ከአክሱም ይመጣል። ታላላቆቹ ሐውልቶች ከአንድ ድንጋይ የተቀረጹ የሕንፃ ምስሎች አይደሉምን? የማይከፈት በር፣ የማያሳይ መስኮት፣ የማይኖሩበት ፎቅ አላቸው። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ባለ 13 ፎቅ ቤት ያስመስላል። እንግዲያው ምስል ብቻውን ለዘመናት መታወስ ችሏል ሊባል ይችላል። ቀራጩ የቀዳው ምን እንደሆነ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአክሱም ግንበኛ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳውን በአግድም በተጋደሙ ግንዶች ያስር ነበር፤ ግንዶቹን ቆልፈው የሚይዙት ማያያዣ እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል፤ የጦጣ ራስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሐውልቱ የተሸከመው ሥራ ላይ የነበረን የግንባታ ዘዴ ነው። ዘዴውም በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በላሊበላው ቤተ አማኑኤል ተመልሶ በዐለት ተቀረጸ። ዛሬ የሐውልቱን ምስል በመስታወት ሕንፃ ላይ የሚያሳርፍ ግን ከሐውልቱ የወሰደው ጥላውን ነው፤ ሕንፃው የሚቆመው በሌላ ዘዴ ነው፤ ምስሉም ስለዚያ ዘዴ የሚናገረው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ነገሩ አጠቃቀም ከሆነ ታላቅ ጉባኤ የተካሄደበት መጋዘንም የማይረሳ ሕንፃ ይሆናል፤ አርክቴክቱ ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? አጠቃቀም ብቻውን ይበቃል አላልኩም። አርክቴክቱ ቀድሞ ሊነድፈው የሚገባው የሰውን አካሄድ ነው ማለቴ ነው። የዚያው የሜዜዲሚ ሥራ የሆነውን የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት እንውሰድ። ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን ከፊቱ ዳገቱ አናት ላይ ያየዋል፤ ጎዳናው ቀጥ ያለ በመሆኑ በወጣ ቁጥር ሕንፃው እየቀረበና እየገዘፈ ይሄዳል። ያው ሕንፃ ተነሥቶ ሜዳ ላይ ቢተከል መልኩ አይለወጥም፤ ግርማው ግን ግማሹ ይቀራል።

የተለመደው አመለካከት ትልቁ ጉድለት ደግሞ መታወስን ከመወደድ ጋር ማምታታቱ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ያረፈው ቀድሞ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። 60ዎቹ በመባል ከሚታወቁት ባለሥልጣናት አብዛኞቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት በዚያ ግቢ ነው። ዓለም በቃኝን ያማረ ሕንፃ ብሎ ያወደሰው የለም። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የዚያን ያህል ከሰው አእምሮ የማይወጣ ሕንፃ ጥቂት ነው። ቤቱ ፈርሷል፤ በቦታው የቆመው ሕንፃ ከሱ የወረሰው ግድግዳ የለም። መልክ ብቻ መመዘኛ ሲሆን የሚጠፋው ይህን መሰሉ ምስክር ነው፤ አስቀያሚ ተብሎ ለመፍረስ ቅድሚያ ያገኛልና።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እንደታየው፣ የቱ ቤት ቅርስ ነው የሚለው ጥያቄ ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። መልስ የሚሰጠው የቤቱን ፊት ብቻ በማየት ከሆነ፣ የፊት ግድግዳውን አስቀርቶ በረንዳውን፣ ደረጃውንና ከመንገዱ ጋር የነበረውን ዝምድና የሚያጠፋ እድሳትም እንደ ጥበቃ ይቆጠራል። ለአዲስ ሕንፃም ያው ነው። የዲዛይን ውድድር ዳኞች ቀድመው የሚያዩት ከሩቅና ከላይ የተሣለ ባለቀለም ምስል እስከሆነ ድረስ ተወዳዳሪው ለዚያ ምስል ይሠራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መኪና የሌለው ሰው ከመንገዱ ተነሥቶ እስከ አገልግሎቱ ድረስ በየት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚጠብቅ፣ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚጠለል የሚያሳየው ንድፍ ቀድሞ ይቅረብ፤ በዚያ የወደቀው ይሰናበት። ስለ መሶቡና ስለ ጀበናው የምንከራከረው ያንን ፈተና ባለፉት ላይ ብቻ ይሁን።