አዲስ የእርሻ መሣሪያ ሳይፈተን እንዳይታደል

አዲስ የእርሻ መሣሪያ ለሕዝብ ከመታደሉ አስቀድሞ በሚሠራበት በገበሬው እጅ ሊፈተን ይገባዋል። መሐንዲስ በመጋዘን፥ ሹም በአደባባይ አይቶ ቢያመሰግነው ይህ ፈተና አይባልም። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እንደ ተባለ፥ በሚያርሰው ሰው ትከሻ ላይ ሳይወጣ መልካም ነው ብሎ ማመን አይገባም።

ለዚህም የመረሬ አፈር ነገር ምስክር ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ገበሬዎች በክረምት ውኃ በአዝመራቸው ላይ እንዳይተኛ ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው ያወጡ ነበር፤ የዚህም ድካም የሚበዛው በሴቶችና በልጆች ላይ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት፥ በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪቃ እንስሳት ማዕከል ከሌሎች ጋራ ኹኖ፥ ይህን ሥራ በሬ እንዲሠራው ሁለት ማረሻ አጋጥሞ መደብ ማውጫ አበጀ። ሐሳቡ መልካም ሳለ፥ በገበሬው እርሻ ሲሞከር ክብደቱ አስቸገረ። የአገራችንን ማረሻ አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳልና። ስለዚህ ኋላ በአንድ ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀለል ያለ የብረት ክንፍ ተሠራ።

እንግዲህ በየወረዳው ሙከራ ሲደረግ አራት ነገር ይጠበቅ።

አንደኛ፥ የሚጠሩት ምስጉኖችና ባለጸጎች ብቻ አይሁኑ፤ አንድ በሬ ይዞ በመቀናጆ የሚያርሰውም፥ ሽማግሌውም፥ ሥራው ሴቶችን የሚነካ እንደ ሆነ ሴቶችም ይገኙበት። ከየወገኑ አምስት ወይም ስድስት ሰው ቢገኝ ትልልቁን ጉድለት ለማየት ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ሙከራው በገበሬው መሬትና በገበሬው በሬ ይሁን፤ ለማሳያ የተቀለበ በሬ አይቅረብ።

ሦስተኛ፥ የሚሠራው ሥራ ይነገረው እንጂ እጁን ይዞ የሚመራው አይኑር። ተመልካቹ አደጋ ካልመጣ በቀር ዝም ብሎ፥ ገበሬው የት እንደ ቆመ፥ ምኑን ደጋግሞ እንዳጠበቀ፥ በሬውን ስንት ጊዜ እንዳሳረፈ ይጻፍ።

አራተኛ፥ ሹም በአጠገቡ አይቁም። ገበሬ በሹም ፊት «መልካም ነው ጌታዬ» ቢል ስለ አክብሮት ነው እንጂ ስለ መሣሪያው አይደለም።

የተገኘው ጉድለት ከታረመ በኋላ ሙከራው እንደ ገና ይደገም።

ይህ ኹሉ ጊዜ ያባክናል የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን ሙከራ ቢያዘገይ አንድ የእርሻ ወራት ነው። ሳይፈተን የታደለ መሣሪያ ግን በቤት ጓሮ ይዝጋል፤ ዕዳው በገበሬው ላይ ይቀራል፤ በሚመጣው ዘመን እውነተኛ ጥቅም ያለው መሣሪያ ቢመጣም እንኳ የሚቀበለው ይታጣል። ብረት ከመታደሉ በፊት ገበሬውን በሥራው ላይ ማየት ለሹም ውርደት አይደለም፤ ማስተዋል ነው።