ስለ እንቁጣጣሽ ጥብስና ስለ ወይኑ ጠርሙስ



የክረምቱ ዕረፍት ሲጀምር አብዛኛው ጓደኛችን ጓዙን ጠቅልሎ ወደየአገሩ ይሄዳል። የመንገድ ገንዘብ ያልተገኘለት፣ ወይም የቀረ ፈተና ያለበት፣ ወይም በከተማው ጥቂት ሥራ ያገኘ ደግሞ እዚሁ ዝናቡን ሲቈጥር ይከርማል። ማኅበራችን በእንቁጣጣሽ ጥብስ የሚያሰናዳው በተለይ ለእነዚህ ነው። በግቢያችን ውስጥ አልኮል ማስገባት ስለማይፈቀድ፣ ሥፍራው በየዓመቱ ከግቢ ውጭ የምንከራየው የቆርቆሮ ዳስ ያለበት አንድ ጓሮ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ይቅር የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። የምንለው፣ አምና በወይኑ ምክንያት የሆነው ነገር ዘንድሮ አይደገም ነው።

አምና የሆነውን ላልነበሩት እንንገር። ኮሚቴው ከእያንዳንዳችን እኩል መዋጮ ሰበሰበ። ከተሰበሰበውም ሢሶው ያህል ለስምንት ጠርሙስ የውጭ አገር ቀይ ወይን ዋለ። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ «መምህራን እንግዶች ስለሚመጡ ነው» ተባለ። በተረፈው ገንዘብ ሁለት በግ ተገዛ። ጠርሙሶቹ ለዓይን እንዲያምሩ ከጠዋት ጀምሮ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ የፍሙ ወላፈን ሲመታቸው እስከ ሰባት ሰዓት ቆዩ። የቡሽ መንቀያ ያመጣ ሰው አልነበረም፤ በቢላዋ ሲታገሏቸው የሁለቱ ጠርሙሶች ቡሽ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያ ለብ ያለ ወይን፣ በአዋዜ ታሽቶ ባደረ ዝልዝል ጥብስ ላይ ተጠጣ። አፋችን ነደደ። አንዱ ጓደኛችን «ወይን ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብኝ» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሌላው ግን የሠለጠነ ሰው ወይን ይወዳል ሲባል ሰምቷልና ፊቱን ላለማጨማደድ ሲታገል አየነው። (እኛም ራሳችን ከታጋዮቹ መካከል እንደ ነበርን አንደብቅም።)

ይህ ሁሉ ሲሆን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይጠጡት ጓደኞቻችን፣ መዋጮውን እንደ እኛው የከፈሉት፣ አንዳንድ ለስላሳ ይዘው ዳር ቆመው ነበር። ከእነርሱም ውስጥ ሙስሊሞቹ ሥጋውን እንኳ አልቀመሱም፤ ሁለቱም በግ የታረደው በክርስቲያን እጅ ነበርና። ለበዓል ተጠርተው፣ ከፍለው፣ ጾማቸውን ዋሉ ማለት ነው።

አሁን በመጀመሪያ ስለ አፋችን ቃጠሎ እንናገር፤ ጥፋቱ የወይኑ አልነበረምና። ቀይ ወይን ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚያገኘው ታኒን የሚባል ነገር አለው። ብዙ የፈላ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው ይኸው ነው። ታኒን ስብና ጨው ያለበትን ሥጋ ሲያገኝ ይለዝባል፤ በርበሬ ሲያገኝ ግን ይብስበታል። አልኮሉም እንደዚሁ ነው፤ በርበሬ የሚቀሰቅሰውን የሙቀት ነርቭ አልኮልም ስለሚቀሰቅሰው፣ በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ይጨምራል። ወይኑ ለብ ሲል ደግሞ የአልኮሉ ሽታ ገንኖ የፍሬውን መዓዛ ይሸፍነዋል። እንግዲህ አምና ሦስቱን ስሕተት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አገናኘን። ያን ዕለት የቀረበው ወይን የዓለም ምርጥ ቢሆን እንኳ ከዚህ የተሻለ ነገር ባልተገኘበት ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጎድኑና ስብ ያለው ሥጋ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በጥብስ ቅጠል ብቻ ይጠበስ፤ ስኳር የሌለበት ቀይ ወይን ከእርሱ ጋር ይስማማል። አዋዜና ሚጥሚጣ የነካው ዝልዝል ግን ጣፋጭነት ያለው መጠጥ ይፈልጋል። ጣፋጩ የበርበሬውን ቁጣ ያበርደዋል። ጠርሙሶቹም ከምድጃው ርቀው፣ ቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጡ። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚለው ወሬ የመጣው ቤታቸው ቀዝቃዛ ከሆነ ሰዎች ዘንድ ነው፤ ፍም ከሚነድበት ጓሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ለዚህ ሁሉ ጠርሙሱ ከባሕር ማዶ መምጣት አለበትን? ወይን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ዘቢብ እያራሰች ስትጠቀም የኖረች ናት። ጉደር የሚባለው ቀይ ወይንም ከአምቦ ወዲያ ባለችው በጉደር ስም የተጠራ፣ አባቶቻችን በሠርጋቸው ላይ የሚያውቁት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ፣ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ ያስመጣውን የወይን ችግኝ ተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በፈረንጅ አቈጣጠር በ2014 ለገበያ አውጥቷል። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት ዘሮች እዚያ በቅለዋል። ተክሉ ሲጀመር ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ ዙሪያውን ሰፊ ቦይ መቆፈር እንዳስፈለገ ስንሰማ፣ የቦርዶ ገበሬ ይህን ጭንቀት አያውቀውም ብለን ስቀናል።

እንግዲህ ለጎድኑ ጉደር ወይም ሪፍት ቫሊ የተባለው የዝዋይ ቀይ ወይን ይበቃል። ለአዋዜው ደግሞ ለዘብ ያለ ጣፋጭነት ያለው አካሽያ፣ ወይም ጣፋጩ አክሱሚት አለ። አክሱሚትን «የሴቶች መጠጥ» እያሉ የሚያፌዙ ጓደኞች አሉን። እነዚሁ ሰዎች አምና በአዋዜው ሲነዱ ውኃ የለመኑት ከሴት እኅቶቻቸው መሆኑን እናስታውሳቸዋለን።

ይህን ስንል የአገር ውስጡ ሁሉ መልካም፣ የውጭው ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። አንድ መምህር ጥሩ የውጭ አገር ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ በደስታ ተቀብለን ከጎድኑ ጋር እንጠጣለን። የተቃወምነው የተማሪ መዋጮ ለታይታ መዋሉን ነው። መምህሮቻችንም ወረቀቱን ሊያነቡ ሳይሆን ከእኛ ጋር ሊቀመጡ የሚመጡ ይመስለናል፤ ተሳስተን ከሆነ በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን።

ከሁሉ በላይ ግን በአዋዜ ጥብስ አጠገብ የሚስማማው ጠጅ ነው። ጠጅ ማር ስለሆነ ጣፋጭነት አለው፤ ጌሾው የሚሰጠው ምሬት ደግሞ ጣፋጩ እንዳይሰለች ያደርገዋል። በቀዝቃዛ ብርሌ ሲቀርብ የስቡን ቅባት ከአፍ ያጥባል። ባለሙያዎቹ እናቶቻችን ያለ አንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ይህን አውቀው ለጥብስ የሚሆነውን ጠጅ ጠንከርና መረር አድርገው ይጥሉታል። ነገር ግን እዚህ ላይም እውነቱን እንናገር። በየጠጅ ቤቱ የሚሸጠው ብዙው ጠጅ ማሩን በስኳር የለወጠ፣ ቢጫነቱንም ከቀለም ያገኘ ነው። በማግሥቱ ራሱን አስሮ የተኛ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ኮሚቴው ጠጅ ከሆነ የሚያቀርበው፣ ማሩን ገዝቶ ለታመነች ጣይ ይስጥ፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶበት፣ ሊበስል ሳምንታት ይፈልጋልና ነገሩ በነሐሴ እንጂ በጳጉሜን አይታሰብም።

ከዚሁ ከማሩ ላይ ለማይጠጡት ብርዝ ይዘጋጅላቸው፤ ሳይፈላ እንዲቀርብ ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት ይበጥበጥ። ይህ ለእነርሱ የሚጣል ምጽዋት አይደለም፤ የከፈሉት ገንዘብ ነው። ከሁለቱ በጎች አንዱን ሙስሊም ወንድማችን ይረደው፤ ምድጃውም፣ ፍርግርጉም፣ ቢላዋውም ለብቻው ይሁን። የሚያስፈልገው ትርፍ ወጪ የአንድ ምድጃ ኪራይ ብቻ ነው። የአልኮል መዋጮ ደግሞ ከሥጋው መዋጮ ተለይቶ ይሰብሰብ። የሚጠጣ ለሚጠጣው ይክፈል። ገንዘብ ያዡ «ሁለት መዝገብ መያዝ ያስቸግራል» ብለዋል። እኛ አንድ ደብተር በመካከሉ መሥመር ቢሰመርበት ይበቃል እንላለን፤ መሥመሩንም ራሳችን መጥተን እናሰምራለን።

ቀኑም ይታሰብበት። መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል፣ እንደ 2019 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የሚጾሙት ጓደኞቻችን ሥጋ አይበሉም፤ የዘመን መለወጫ ጾሙን አይሽረውምና። እንዲህ በሚሆንበት ዓመት ጥብሱ ወደ ማግሥቱ ቢተላለፍ የሚጎዳ የለም፤ በጎቹም አይቃወሙም።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የምናሳስበው ስለ ከሰሉ ነው። አምና ከዳሱ ጀርባ በዝናብ ሲደበደብ ከርሞ፣ ለሰዓታት ሲያጨስ ሥጋው ጥብስ ሳይሆን ቋንጣ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ጆንያዎቹ ከአሁኑ ደረቅ ቦታ ይግቡ። ብርሌ ያለው ብርሌውን፣ የቡሽ መንቀያ ያለው መንቀያውን ለኮሚቴው ጸሐፊ ያስመዝግብ።