የውድድር ክሊት አታስገዙን

«ሮድ ሳይክል ይዘህ የተራራ ፔዳል? አታስቀን እንጂ!»

አዲስ አበባ ውስጥ እሁድ ጠዋት ከሳይክል ነጂዎች ጋር አንድ ቀን የወጣ ሰው ይህን ወይም ይህን የሚመስል ነገር ሳይሰማ አይመለስም። እኔም ተብዬዋለሁ። ይባስ ብዬ ከሁለት ዓመት በላይ ለሌሎች ስለው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይህን ክስ ስጽፍ ከተከሳሾቹ አንዱ ራሴ ነኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ክሊት ማለት ከጫማ ሶል ስር በብሎን የሚታሰር ቁራጭ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ተረከዛችሁን ወደ ውጭ ስታዞሩ ይለቃል። ስሙ ራሱ ግራ ያጋባል፤ እግር የሚቆልፈውን ነገር «ክሊፕለስ»፣ ክሊፕ አልባ ይሉታል። ድሮ የጫማውን ጫፍ የሚይዘው ቀፎ ነበር ክሊፕ የሚባለው፤ እሱ ቀረና ስሙ በዚያው ጸና። ሐሳቡ የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። የስኪ ጫማ ማሰሪያ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ሉክ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ፔዳል አመጣው፤ በ1985 በርናር ኢኖ በዚያው ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። በ1990 ደግሞ ሺማኖ ኤስፒዲ የተባለውን ለተራራ ሳይክል አወጣ።

ዛሬ ገበያው ላይ ብዙ ዓይነት አለ፤ እኛ ጋ የሚያጨቃጭቁት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ ሦስት ብሎን ነው፦ ሉክ ኬኦ እና የሺማኖው ኤስፒዲ-ኤስኤል። ክሊቱ ሰፊ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ በታች ወጣ ብሎ ይቀመጣል፤ ፔዳሉም የሚቆልፈው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለ ሁለት ብሎኑ ኤስፒዲ ነው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሶሉ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ፔዳሉ ደግሞ በአብዛኛው በሁለቱም ጎን ይቆልፋል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ እዚህ ከተማ ለሚነዳና ለማይወዳደር ሰው ትክክለኛው ባለ ሁለት ብሎኑ ነው። ባለ ሦስቱን ለጀማሪ የሚያስገዛ ሰው ጀማሪውን እየጎዳው ነው። ክርክራችን ሁሉ እግር ሲቆለፍ ስለሚሆነው ነው፤ እዚህ አገር ሰው የሚወድቀው ግን እግሩን ሲያወርድ ነው።

ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ስንት ጊዜ እግራችሁን እንደምታወርዱ ቁጠሩ። ሚኒባሱ ያለ ፍሬቻ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ይወርዳል፣ እንጨት የጫነች አህያ መንገድ ታቋርጣለች። ወደ ውስጥ ከገባችሁ ኮብልስቶን ነው። በቱር ደ ፍራንስ መንገዱ ይዘጋላቸዋል፤ ለእኛ የሚዘጋብን ነው።

እኔ የወደቅኩት ስድስት ኪሎ ነው፣ በክረምት። ከፊቴ ታክሲ ቆመ፣ ግራ እግሬን አላቅቄ መሬት አስነካሁ። ፕላስቲኩ እርጥብ አስፋልት ላይ ሸተት አለ፤ ቀኙ ገና አልተላቀቀም ነበርና ከነሳይክሌ በቀኝ በኩል ተዘረጋሁ። ከኋላዬ የነበረው መኪና ፍሬን ሲይዝ የጎማውን ድምፅ ሰማሁት። ዳር ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ሮጣ መጥታ እግሬን አየችና «ወንድሜ፣ ማን ነው እንዲህ ያሰረህ?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ያሰርኩት ራሴ ነኝ፣ ያውም ለሁለት ወር ገንዘብ አጠራቅሜ።

ብረቱ አይንሸራተትም አልልም። ግን ጎድጓዳው ውስጥ ስላለ መሬቱን የሚነካው የጫማው ጎማ ነው። ጎማ ፈንድቶ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ፣ ሱሉልታ ቡና ለመጠጣት ደረጃ መውጣት፣ ሳይክል ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መድረስ ይቻላል። ባለ ሦስት ብሎኑ ላይ ይሄ ሁሉ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገዱ ነው፤ በዚያ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ክሊቱ ይፋቃል። ሲያልቅ ደግሞ ጠጋኙ ጋ ካቴና፣ ኩሽኔታና ግራሶ እንጂ የኬኦ ክሊት የለም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚጠበቀው። ብረቱ በቶሎ አያልቅም፤ ሲያልቅም ከአንድ በላይ አምራች የሚስማማ ይሠራል። እኔ ኑሮዬ ሶፍትዌር ነው፣ ከአንድ ሻጭ ጋር መቆራኘት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። ባለ ሦስት ብሎኖቹን እዩ፦ የሉክና የሺማኖ ክሊቶች ጫማው ላይ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይጋራሉ፣ አንዱ ግን የሌላው ፔዳል ላይ አይሠራም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ቴስተር ናት። በእኔ ጉትጎታ ሳይክል ጀመረች። ያገለገለ ሮድ ሳይክል ከነኤስፒዲ-ኤስኤል ፔዳሉ ገዛች። ክሊት ስትጠይቀኝ «ቀዩን ግዢ፣ ቀዩ ብዙ መላወሻ ስላለው ለጉልበት ጥሩ ነው» አልኳት። መላወሻ የምለው ተቆልፎም እግር ግራና ቀኝ የሚዞርበትን መጠን ነው። እኔ የማውቀው የራሴን ኬኦ ነበር፤ እዚያ ጥቁሩ 0፣ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ነው። እሷ የገዛችው የሺማኖውን ነው፤ እዚህ ደግሞ ቀዩ 0፣ ሰማያዊው 2፣ ቢጫው 6 ነው። አንድ ቀለም አንዱ ቤት ከሁሉ የላላ፣ ሌላው ቤት ጭራሽ የማይነቃነቅ! እንዲህ ያለ ነገር ኮድ ውስጥ ባየው አላሳልፈውም ነበር። የሰው ጉልበት ላይ ግን ሳላጣራ አሳለፍኩት።

ክሊቱን ከዱባይ በዘመድ አስመጣች። በሁለተኛው ሳምንት «ጉልበቴ ውስጥ መርፌ ያለ ይመስለኛል» አለችኝ። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። በሁለተኛው ወር ሳይክሉን ሸጠችው። ሕመሙ ከክሊቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ የኮርቻ ቁመትም ሊሆን ይችላል። ግን አላጣራሁም። በኋላ የቀለሙን ነገር ሳውቅ ነገርኳት። ምን አለች? «እኔ እኮ ባግ ሪፖርት አድርጌልህ ነበር፤ ‹ትለምጂዋለሽ› ብለህ ዘጋኸው።»

የተቃዋሚዎቼን መልስ አውቀዋለሁ። «ኃይል ይባክናል» ይላሉ። ኃይል የሚይዘው በዋናነት የሶሉ ጥንካሬ ነው፤ ጠንካራ ሶል ያለው ባለ ሁለት ብሎን ጫማ ደግሞ ሞልቷል። «ወደ ላይ ለመሳብ» ይላሉ። አንደኛ፣ ኤስፒዲም ይዞ ይስባል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የስምንት ብስክሌተኞች ጥናት ሆን ብሎ ወደ ላይ መሳብ ሰውነት ጉልበቱን በቁጠባ እንዳይጠቀም እንደሚያደርግ ነው ያሳየው። «ይከብዳል» ይላሉ። ኤም520 የሚባለው ተራ ኤስፒዲ ጥንዱ 380 ግራም ነው፤ ውዱ ኡልቴግራ አር8000 248። ልዩነቱ 132 ግራም ነው። የውሃ ኮዳችሁን ሦስት አራት ጊዜ ጎንጨት ስትሉ ያልቃል። የቀረው «አያምርም» የሚለው ነው፣ ዋናውም ምክንያት እሱ ይመስለኛል።

እውነት ያላቸው ቦታም አለ። የሚወዳደር ሰው፣ ሳይወርድ አራትና አምስት ሰዓት የሚነዳ ሰው ሰፊው ክሊት ይመቸዋል፤ ትንሹ ብረት ለስላሳ ሶል ላይ ከሆነ የውስጥ እግርን አንድ ቦታ ያቃጥላል። ከቤት ቢሮ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ደግሞ ክሊት ጭራሽ አያስፈልገውም። ጠፍጣፋ ፔዳል ይግዛ፣ በተረፈው ጥሩ ሄልሜት።

በመሃል ያላችሁ ግን እንዲህ አድርጉ። ኤስፒዲ ግዙ፤ ከቻላችሁ ኤስኤች 56 የሚባለውን ክሊት፣ ከአንድ በላይ አቅጣጫ ስለሚለቅ። የፔዳሉን ሞላ በአለን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አላሉት። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ሃምሳ ጊዜ ቆልፉ፣ ሃምሳ ጊዜ ፍቱ። መንገድ ላይ ደግሞ ለመቆም ስታስቡ እንጂ ከቆማችሁ በኋላ አትፍቱ።

እናንተ የቆያችሁት ደግሞ፣ በሚቀጥለው እሁድ አዲስ ልጅ ሲመጣ ጫማውን አይታችሁ ከመሳቃችሁ በፊት የት እንደሚነዳ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆም፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ጠይቁት። አመመኝ ካለም «ትለምደዋለህ» አትበሉት። ጫማውን አስወልቁና ክሊቱን ገልብጣችሁ እዩት።