ብድር ያጣነው በወለዱ ነው ወይስ በጣሪያው?

«ማስረጃችሁ ተሟልቷል፤ ግን ለጊዜው ብድር አንለቅም።» ባንክ ሄዶ ይህን መልስ ይዞ የተመለሰ ወጣት ነጋዴ ብዙ ነው። ለምን?

ስለ ብድር ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ወለድን ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ምጣኔን 15 በመቶ ብሎ ሲያሳውቅ ብዙ ተወርቷል። ይሄ ግን እኔና እናንተ የምንከፍለው ወለድ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚሠራበት ነው። ያኔ ብድራችንን ይበልጥ የወሰነው ሌላ ቁጥር ነው፦ የብድር ዕድገት ጣሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ወሰነ። በኋላ ጣሪያው ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ አለ።

በምሳሌ እንየው። 10 ቢሊዮን ብር ያበደረ ባንክ አለ እንበል። ጣሪያው 14 በመቶ ሲሆን በዓመት መጨመር የሚችለው 1.4 ቢሊዮን ብር ብቻ ነው። 24 ሲሆን 2.4 ቢሊዮን። ካዝናው ሙሉ ቢሆንም ከዚያ አያልፍም።

ሌላም ነገር አለ። ጣሪያው ሲቀመጥ የዋጋ ንረቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። የዕቃ ዋጋ በሩብ ጨምሮ ብድር በ14 በመቶ ብቻ ካደገ፣ በብር ሲታይ ብድሩ ጨምሯል፤ በሚገዛው ዕቃ ሲለካ ግን ቀንሷል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ወለድ ሲጨምር ብድር ይወደዳል፤ አዋጥቶኝ እከፍላለሁ ያለ ይወስዳል። ጣሪያ ሲኖር ግን ብድር ወረፋ ይሆናል። ወረፋውን የሚያስይዘው ደግሞ ባንኩ ነው። ማንን ያስቀድማል? የሚያውቀውን፣ ሕንፃ የሚያስይዘውን፣ የቆየ ደንበኛውን። ሐሳብና ስልክ ብቻ ይዞ የመጣው ወጣት መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ጣሪያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ብድር በገፍ ሲለቀቅ ዋጋ ይንራል፤ ያ ደግሞ ደሞዝተኛውን ይጎዳል። ከዚያ ወዲህም የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ጥያቄያችን ግን ሸክሙ እኩል ተከፋፍሏል ወይ የሚለው ነው። በእኛ እይታ አልተከፋፈለም። ጣሪያው ከፍ ማለቱ ብቻውንም ወረፋውን አይቀይረውም፤ ባንኮች ከሕንፃ ይልቅ የሥራውን ገቢ አይተው ማበደር ካልለመዱ፣ አዲሱ ብድርም ወደ ድሮዎቹ ደንበኞች ይሄዳል።

ስለዚህ ቀጣዩ የብሔራዊ ባንክ መግለጫ ሲወጣ ወለዱን ብቻ አትዩ፣ ጣሪያውንም እዩ። ባንክ ስትሄዱም በግልጽ ጠይቁ፦ «የከለከላችሁኝ ጣሪያው ነው ወይስ ዋስትና?» ጣሪያው ከሆነ ሌላ ባንክ ሞክሩ፤ አንዱ ሲሞላበት ሌላው ቦታ ሊኖረው ይችላል።

እናንተስ ምን ተባላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።