ክትባቱ ቀዝቅዞ ሲደርስ ወተቱ ለምን ይበላሻል?

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በከሚሴ ዙሪያ ክትባት ተሸክሜ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ነው። ክትባት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሕፃኑ እስኪወጋ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መቆየት አለበት። ብርዱ ቢበዛም ይበላሻል። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር እንዳወጣን የክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ አንጨምረውም፤ ስንወዘውዘው ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫቦጭ እንጠብቃለን፤ አለዚያ የቴታነሱ ክትባት በረዶ ይመታውና ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ብልቃጡ ላይም ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁር ምልክት አለ።

ወተት እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ቦርከና ዳር የሚታለበው ወተት ከላሟ ጡት ሲወጣ 38 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ሙቀት ባክቴሪያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እናቶች በጀሪካን ይዘውት በእግርም በባጃጅም ከሚሴ ገብተው ደንበኛ ሲጠብቁ ፀሐዩ ይበረታል። እሳት ላይ ሲጣድ ተበጣጥሶ የቀረ ወተት ኪሳራው የእነሱ ነው። በእነሱ ግን አልፈርድም። ድሮ ዕቃው ቅል ነበር፤ በወይራ ይታጠናል፤ ጭሱ ተሕዋስ ይገድላል፣ ወተቱንም ያቆያል። ጀሪካን አይታጠንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነም እጅ ገብቶ አያጥበውም። የትናንቱ ቅሪት የዛሬውን ያኮመጥጠዋል።

«አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚሉኝ አሉ። ማፍላት ግድ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴላን ተሕዋስ ይገድላል። ወተቱ ሲሞቅ ውሎ አንዳንድ ባክቴሪያ የተፋበት መርዝ ግን በማፍላት አይጠፋም። መፍትሔው እንደታለበ ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት እንዲበዛ መነሣቱ ደግ ነው። የታለበውን ሊትር ብቻ ሳይሆን ሳይበላሽ ሰው ቤት የደረሰውንም መቁጠር አለብን።

አንችልም የሚለኝን አልሰማም። መብራት በሌለበት ጤና ኬላ በፀሐይ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ክትባት ያቆየን ሰዎች ነን። ወተት እዚያ ይግባ አላልኩም፤ ክልክል ነው። የራሱ ይተከልለት። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃም ለሴቶቹ በብድር ይሰጣቸው።

የዞኑ አስተዳደር ማቀዝቀዣውን የሚተክለው ደግሞ ከተማ መሃል ሳይሆን ጨፋ ላይ፣ ከብቱ ካለበት ይሁን። ሞቆ ከሚሴ የደረሰውን ወተት ኋላ ብናቀዘቅዘው ቀድሞ የተራባው ባክቴሪያ አብሮት ይቀመጣል እንጂ አይሞትም።