ዕረፍት ወጥተን ውድድር ገባን



ድሬዳዋ የኖረ ሰው የሰኔን ሙቀት ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ይጋደማል፤ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቼ ጥያቄ አንድ ብቻ ናት፦ "ደጋ መቼ ነው የምንወጣው?" ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ሐረማያ ሲወጡ ግን 2,000 ሜትር ይደረሳል፣ ሹራብ ያስለብሳል። ከተማችን ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ወደ ሐረር መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፣ ድሬም በዚያው ተቆረቆረች። እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን ሙቀቱ ሲብስ መንግሥታቸውን ጠቅልለው ሲምላ ወደምትባል ተራራ ይወጡ ነበር። እኛ የምንጠቀልለው ብርድ ልብስና አንድ ዘንቢል ስንቅ ነው።

ዘንድሮም እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ተያይዘን ወጣን። ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሐርላ ላይ ወረድን። ሐርላ ዛሬ የገበሬዎች መንደር ናት፤ የጥንቶቹን ሐርላዎች ግን አገሩ ግዙፍ ሰዎች ነበሩ እያለ ያወራል፣ ያንን ትልልቅ ድንጋይ ያነሣው ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብሎ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ቆፍረው በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይፋ ያደረጉት ግን ከተረቱ አያንስም። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቦታ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ሳይቀር የመጣ ዶቃ ተገኝቷል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የአሥር ዓመቷ ልጄ "አባዬ፣ ዶቃውን ምን ያደርጉበት ነበር?" አለችኝ። እኔ ስለ ንግድ ላስረዳ ስጀምር እማዬ ቀደሙኝ፤ "ሲጨፍሩ ሊያስሩት ነዋ! ለእርሻ ዶቃ ያስራል እንዴ ሰው?"

ያረፍንበት ቦታ ደጋው ላይ ነው፤ ስሙ ይቅር። በሁለተኛው ቀን ማታ ለእንግዶች ልጆች የዳንስ ውድድር እንዳለ፣ ሽልማትም እንዳለው በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ልጄ ዘላ ተነሣች። እኔ "አይሆንም" አልኩ። ባለቤቴ "ምን አለበት?" ስትለኝ "ዘፈን ነው፣ ሥጋ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን የሰው ልጆች ማየት ያዝኩ። እማዬ ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው "ሜልኮልም በመስኮት ነበር የምታየው፣ ልጄ" አሉኝ።

ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን ስንት ጊዜ እንደሰበክሁበት እሳቸው ያውቃሉ። ዳዊት በሙሉ ኃይሉ በእግዚአብሔር ፊት ሲዘል ሚስቱ በልቧ ናቀችው። እርግጥ ዳዊት የዘለለው በታቦቱ ፊት እንጂ በሆቴል አዳራሽ አይደለም፤ ይህን ለእማዬ ልመልስ አስቤ ነበር። ዳሩ ግን የልጄ ፊት ረታኝ። "ሂጂ፣ እኔም እመጣለሁ" አልኳት።

ልጆቹ ያምሩ ነበር፣ መዋሸት አልችልም። አንዱ የሱማሌን ዳንቶ፣ ሁለት እህትማማቾች የሐረርጌ ኦሮሞን ሸጎዬ፣ አንድ ትንሽዬ ልጅ ጉራጊኛውን ጨፈሩ። የእኔዋ እስክስታ ወረደች። ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች የምታወርደው እስክስታ ነው፤ ትከሻዋ ሳቅ ያለው ይመስላል። ስትጨርስ ሦስት ዳኞች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከፍ አደረጉ፦ 6፣ 5፣ 6። መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ "ይቺ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሳትሆን አትቀርም!" አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ግን በቀሩት ሁለት ቀናት አልጨፈረችም። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ስንሄድ፣ ያ ደርቆ የነበረ ሐይቅ ውሃ መልሶ ይዞ እኔ እንደ ሕፃን ስደሰት፣ እሷ መኪና ውስጥ ቀረች። እሑድ ድሬ ተመልሰን የሰንበት ትምህርት ልጆች እያሸበሸቡ ሲዘምሩ የእኔ ልጅ እጇን አጣምራ ቆመች። ቀና ብላ የምታየው ከፊት የተቀመጡትን ሰዎች ነበር። ነጥብ የሚሰጣት ሰው የምትፈልግ መሰለኝ።

ወገኖች፣ ስፈራ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። ዳንሱ ያረክሳታል ብዬ ፈራሁ። የጎዳት ግን ዳንሱ አልነበረም።

ከተመለስን ወዲህ ወደ ሴሎ ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ በቃሉ ማለቴ ነው። ሴሎ በኤፍሬም ተራራማ አገር ነበረች፤ ቤተሰብ በየዓመቱ ተያይዞ የሚወጣባት የበዓል ቦታ። በመሳፍንት 21 እንደምናነበው በዚያ በዓል የሴሎ ሴቶች ልጆች ወጥተው ይዘፍኑ ነበር። እንግዲህ ቤተሰብ ወደ ተራራ መውጣቱም፣ እዚያ መጨፈሩም አዲስ ነገር አይደለም፤ መጽሐፉ ጭፈራውን አንድም ቃል አይነቅፈውም። ክፉው ነገር የመጣው ከወይን አትክልቱ ውስጥ ነው፦ የብንያም ሰዎች አድፍጠው ልጃገረዶቹን ነጠቁ። ኃጢአቱ ያደፈጡት ሰዎች እንጂ የሚጨፍሩት ልጆች አልነበረም። ዛሬ በዚያ አዳራሽ ስንት የማናውቀው ሰው ልጆቻችንን በስልኩ ሲቀርፅ እንደነበር ሳስብ፣ "እኔም እመጣለሁ" ማለቴ ብቻ ትክክል ነበር እላለሁ። አባት በመስኮት ሳይሆን አጠገብ ነው መቆም ያለበት።

በዚያው በሴሎ ግን ሌላም ነገር ሆኗል። ሕልቃና ሁለቱን ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤ ሥጋ ይከፋፈላል፣ ይበላል። ፍናና ልጆቿን ትቆጥራለች፤ ሐና የምትቆጥረው የላትም። የቤተሰቡ ዕረፍት የውድድር ሜዳ ሆነ፣ ሐናም አልበላም ብላ አለቀሰች። ተነሥታ በእግዚአብሔር ፊት ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ደግሞ ካህኑ ዔሊ ከበሩ ዳር ሆኖ አያትና ሰካራም ናት ብሎ ፈረደ። በቅን ልቡ ነበር፤ ግን ከውጭ የሚታየውን ብቻ አይቶ ነጥብ ሰጠ፣ ተሳሳተም። ያች ሴት በዚያች ሰዓት ከእግዚአብሔር ጋር የነበራትን ነገር የትኛው ወረቀት ላይ ይጽፈው ነበር?

"ዳንስ በመጽሐፍ ቅዱስ ሁልጊዜ መልካም ነው ወይ?" የሚል ይኖራል። አይደለም። የጥጃው ጭፈራ አለ። የሄሮድያዳም ልጅ አለች፤ እሷን ልብ በሉ፣ በእንግዶች ፊት ጨፍራ የፈለግሽውን ጠይቂ የተባለች ልጅ ናት። የሽልማት ጭፈራ ነው እንግዲህ፤ ዋጋው የዮሐንስ ራስ ሆነ። የሙሴ እህት ማርያም ከበሮ ይዛ በባሕሩ ዳር ስትወጣ ግን ማን አንደኛ እንደወጣ አልተጻፈም።

ሌላው የሚነሣው፣ ልጅ መሸነፍን መማር አለበት የሚለው ነው። እውነት አለው። ልጄ የመቶ ሜትር ሩጫ ተወዳድራ አራተኛ ብትወጣ አልጨነቅም፤ ሩጫ መስመር አለው፣ ሰዓት አለው፣ ጳውሎስም ሯጭን በምሳሌ አንሥቷል። አድጋ ሙያዬ ጭፈራ ነው ብትል ያኔ በዳኛ መመዘን የሙያው ግዴታ ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ የደስታዋ ትከሻ ግን ስንት ነው የሚመዝነው? ያውም ከሙቀት ሸሽታ፣ ከፈተና ሸሽታ ለዕረፍት በወጣችበት ሳምንት። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት ዕረፉ ብሎ ወደ ምድረ በዳ ሲወስዳቸው፣ ማርቆስ 6 ላይ፣ ሥራቸውን ነግረውት ገና መመለሳቸው ነበር። ማን የበለጠ አጋንንት አወጣ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ሆቴሉን ወቅሼ ብቻ ብተው ግን ግብዝ እሆናለሁ። እኛስ? የልጆች መዘምራን በበዓል መድረክ ላይ ሲወጡ "የእገሌ ልጅ እንዴት ጎበዝ ናት" እየተባባልን ስልክ ደግነን እንቀርፃለን፤ ከኋላ ቆማ የምትሳሳተዋን ማንም አይቀርፃትም። የጥቅስ ጥናት ውድድር፣ የዝማሬ ውድድር፣ የአጥቢያ ከአጥቢያ ፉክክር አለን። ሽልማቱ መጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ነገሩ የተቀደሰ ይመስለናል። ገና ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ የምታዩ አንባቢዎች ካላችሁ ይህን ብናገር አታሳፍሩኝም ብዬ ነው፦ ዳንስን "ዓለማዊ" ብለን በር ላይ አቁመን ዳኛውን ግን አስገብተነዋል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ልጆቻችን ደጋ ሲወጡ ይጨፍሩ፤ እኛም ካልቻልን እናጨብጭብላቸው። የማያውቃቸው ሰው እንዳይቀርፃቸው እንከልክል። ውድድር አለ ከተባለ ልጁን "ትፈልጋለህ?" ከማለታችን በፊት እኛው ገብተን ዳኞቹና ቀልዳቸው ምን እንደሚመስሉ እንይ፤ እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው። ልጄንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ለከለከልኩበትም ለፈቀድኩበትም መንገድ። "ምንም አይደል አባዬ" አለችኝ፤ ልጆች እንዲህ ሲሉ ምንም ነው ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ለመስከረሙ የልጆች ፕሮግራም ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባል፤ የዝማሬና የሽብሸባ ውድድር በዕቅዱ ውስጥ እንዳለ አይቻለሁ። ዳኛ ካለው የእኔ ልጅ አትመዘገብም። ዳኛው ከቀረ ግን እኔም እመጣለሁ፤ እማዬም ከበሯቸውን ይዘው እንደሚመጡ ከአሁኑ ነግረውኛል።