ትርፍ ቤት በሐይቅ ዳር

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ወሬያችን ግን ከአቅማችን ከፍ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። አምስት መምህራን፣ ከነቤተሰባችን 27 ነፍስ የምንሆን የፉሪ ነዋሪዎች፣ በሐይቅ ዳር ሁለተኛ ቤት ፍለጋ ወጥተን ነበር። የሚስቅ ይሳቅብን፤ እኛም መጀመሪያ ላይ በራሳችን ስቀናል።

ነገሩ የተጀመረው በኢድ ማግሥት ነው። ለልጆቹ ስንት ጊዜ የገባነውን ቃል ለመሙላት ቢሾፍቱ ወረድን፤ መግቢያ ከፍለንም አንድ መዝናኛ ገባን። ውሃው፣ ሱብሐነላህ፣ ዓይን ያሳርፋል። ይሁንና ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ በቢራ ጠርሙስ ተሞልቷል፤ ዙህር ሲደርስ ሰጋጃ ያነጠፍነው ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ በሁለት መኪኖች መካከል ነበር። ወንዶቹ ልጆች እንደ ምንም ብለው ዋኙ። እናቶቻቸውና እህቶቻቸው ግን ከነሒጃባቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃውን ሲያዩ ዋሉ። ማታ ወደ ፉሪ ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ከሚስቶቻችን አንዷ፣ «እግሬን እንኳ ሳልነክር መጣሁ» አለች። ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይታም፣ «አጥር ያላት አንዲት ክፍል የራሳችን ብትኖረን» አለች።

መዝናኛውን ልንወቅስ አይደለም፤ የተሠራው የእኛን ዓይነቱን ቤተሰብ አስቦ አልነበረም፣ አለቀ። የሴትዮዋ ቃል ግን ከውስጣችን አልወጣም። በዚያው ሳምንት ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ ጀመርን። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 3,000 ብር ያስገባል፤ የአምስታችን በወር 15,000 ይሆናል፤ ገንዘቡ ሳይነካ ይጠራቀማል። በ20 ወር 300,000 ብር ሞላ። ይህ ገንዘብ ከምን እንደተቀነሰ የመምህር ሚስት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች።

ሐሳባችንን ለአንዱ ወንድማችን አባት ብናጫውታቸው፣ ይስቃሉ ብለን ስንጠብቅ ፊታቸው ተለወጠ። «ትርፍ ቤት ልትገዙ ነው?» አሉን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ለእኛ ትውልድ «ትርፍ» ማለት ጥቅም ነው። ለእርሳቸው ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተወለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። ከዚያ ያለፈው ተወረሰ፤ ኪራዩ አነስ ያለው ለቀበሌ፣ ከፍ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከተወሰደባቸው መካከል ብዙ ቤት የነበራቸው መኳንንት አሉ። መርካቶ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራይተው የቲሞቻቸውን ያሳድጉ የነበሩት የእኒህ አባት እህትም አሉበት። «አዋጁ ሁለቱን አልለያቸውም» አሉን። በዚያ ዘመን የሐይቅ ዳር ቤት የንጉሥ ነገር ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የዕረፍት ቤተ መንግሥት ነበራቸው። መምህር ለዚህ ሲመኝ መስማት ለሽማግሌው እንግዳ ቢሆንባቸው አይፈረድባቸውም።

የሆነው ሆኖ ፍለጋችንን ቀጠልን። በመጀመሪያ ካርታ ያላቸውን ቤቶች ጠየቅን። የሆራንና የባቦጋያን ዳር የያዙት ሎጆችና የባለጸጋ ግቢዎች ናቸው፤ ዋጋ ሰምተን አመስግነን ወጣን። ላንጋኖን አሰብን። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ለዋና የሚመረጥ ነው፤ ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቅዳሜ ደርሶ እሑድ ለሚመለስ ሰው ጊዜው በመንገድ ያልቃል። የባቱው የዝዋይ ሐይቅ ቀረብ ቢልም ብልሃርዝያ ስላለበት ልጆች ይዞ መግባት አያስመኝም። ብድርስ? በወለድ መበደር ለእኛ የተዘጋ በር ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ግን ዛሬ በአገራችን አለ፤ ዘምዘም ባንክም በዚሁ አሠራር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አስታውቆ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ይህ ግን ሕጋዊ ሰነድ ያለው ቤት ይጠይቃል። ሕጋዊ ሰነድ ያለውን ቤት ደግሞ ወርሃዊ ክፍያውን አስልተን፣ ደመወዛችንን አይተን ተውነው።

እንግዲህ የቀረው ርካሹ መንገድ ነበር። አንድ ደላላ፣ «ሸይኾቼ፣ ለእናንተ የሚሆን አግኝቻለሁ» ብሎ ደወለልን። ከቢሾፍቱ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አጠገብ 250 ካሬ ሜትር፣ 600,000 ብር፣ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ በዓመቱ። ቅዳሜ ማለዳ ከቃሊቲ ተሳፍረን ሄድን። ቦታው የጤፍ ማሳ ጫፍ ነው። ከታች ውሃው ያብረቀርቃል፤ ነፋሱ ከፉሪ አቧራ በኋላ እንደ መድኃኒት ነው። ባለማሳው በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። እርጎ አቀረቡልን። ለምን እንደሚሸጡ ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ካልሸጥኩት ነገ ለልማት ተብሎ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቼም ሸጠዋል» አሉን። በገንዘቡ ለትልቁ ልጃቸው ባጃጅ ሊገዙ አስበዋል።

ከዳር የቆመ አንድ ግራር አሳዩን፤ እርሳቸው ልጅ ሳሉ ውሃው እስከዚያ ይደርስ ነበር። ይህን ሲሰማ ከመካከላችን አንዱ ዝም አለ። ወንድማችን የሐረማያ ልጅ ነው። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማገባደጃ ላይ ሲደርቅ በዓይኑ አይቷል። ውሃው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፤ ለከተሞች መጠጥ ተቀዳ፤ ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው አፈር ደግሞ ጉድጓዱን ሞላው። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከጉድጓድ ታመጣ ጀመር። አልሐምዱ ሊላህ፣ በቅርብ ዓመታት ውሃው ከፊሉ ተመልሷል። «ግን በዳሩ ቤት የሠራ ሰው ለዓመታት የከብት መስክ ሲያይ ኖረ» አለን። በተቃራኒው መተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከነበረበት ሦስት ካሬ ሜትር፣ ይቅርታ፣ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል። የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የአውራ ጎዳናውንና የአሮጌውን ባቡር ሐዲድ አስቸግሯል። ሐዋሳም መውጫ የሌላት ሐይቅ ስለሆነች ውሃዋ ሲሞላ ከተማዋን እንዳይገባ ግድብ ተሠርቶላታል። ሐይቅ አጥር አይደለም፤ ይሸሻል፣ ይመጣልም። የካርታ ነገር ስናስብ ይህን አላሰብነውም ነበር።

ከሁሉ የከበደን ግን ወረቀቱ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ይጠቀምበታል፣ ለልጁ ያወርሰዋል እንጂ ሊሸጥልን አይችልም። ደላላው ይህን ሳይደብቅ ነገረን፤ መላውንም አብሮ አመጣ። «ሽያጭ አይባልም። አባባ 600,000 ብር ከእናንተ ተበድረዋል ተብሎ የብድር ውል ይጻፋል፤ መክፈል ስላልቻሉ መሬቱን ትጠቀሙበታላችሁ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ሦስት ምስክር አዘጋጅቷል። ብዕሩም ከኪሱ ወጥቷል።

አምስታችንም በልጅነታችን መድረሳ ተቀምጠናል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ ያለው፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው እንደሆነ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እናስተምራለን። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሩ ሲጠራ እምቢ እንዳይል። አሁን የሌለ ዕዳ ሊጻፍ፣ ያላዩትን ሦስት ሰዎች ሊመሰክሩበት ነው። ገንዘቡ ያለበትን ቦርሳ የያዘው ወንድማችን ቦርሳውን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም።

«አባባን አማክረን እንመለሳለን» ብለን ወጣን። በመመለሻው መንገድ የተነሣው ክርክር የሚረሳ አይደለም። ሁለቱ መግዛት አለብን አሉ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፤ «የሦስታችሁ የፉሪ ቤት በምን ተገዛ?» አሉን። እውነት ነው። የሦስታችን ቤት ከገበሬ የተገዛ፣ በግል ውል የተያዘ ነው። አጠገባችን ያሉ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ አይተናል፤ ዝናብ ላይ የተበተነ የሕፃን አልጋ አይተናል፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ መኪና ባለፈ ቁጥር ከእንቅልፋችን እንነቃ ነበር። ዛሬ ኡስታዝ መምሰል ከየት መጣ? ከእኛ አንዱ፣ «ያን ጊዜ ማደሪያ አጥተን ነበር፤ አሁን የምንፈልገው መዋኛ ነው» ብሎ መለሰ። ሌላው፣ «ለገበሬው ልዩነት የለውም፤ ማሳው ያው ማሳ ነው» አለ። ለዚህ ቃል ዛሬም መልስ አላገኘንለትም። ያኔ ስንገዛ ሻጩ ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቀን አናውቅም፤ የፉሪ ተራራ ሥር እርሻ የነበረው ሰው ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም።

ቤታችን ገብተን ለሴቶቹ ነገርናቸው። ምኞቱ የእነርሱ ስለነበር ውሳኔውም ይድረሳቸው ብለን ነው። ያችው «እግሬን ሳልነክር» ያለችው እህታችን ወረቀቱ እንዴት እንደሚጻፍ ደጋግማ ጠየቀች፤ ከዚያ፣ «እኔ የፈለግኩት እግሬን መንከር ነው፤ በሐሰት ምስክር ላይ መቆም አልፈለግኩም» አለች። አልገዛንም። አንዱ ወንድማችን ተቆጥቶ ድርሻውን 60,000 ብር ወሰደ፤ ለአራት ወር ያህልም ከጀማዓ ሰላት በኋላ ሳያናግረን ይሄድ ነበር። አሁን ታርቀናል።

ከዚያ ያደረግነው ነገር ይህን ያህል የሚያስወራ አይደለም። ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ ግቢው የታጠረ ቤት ከአንድ ሙስሊም ቤተሰብ በሌሊት 4,000 ብር አገኘን። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሌሊት ብናድር 36,000 ብር ነው፤ ኪራዩ ባይጨምር (ይጨምራል እንጂ) የቀረን 240,000 ብር ከስድስት ዓመት በላይ ይዘልቃል። ጠባቂ አይቀጠርም፤ ጣራ አይጠገንም፤ ክረምቱን ሙሉ ማን ሰበረው ተብሎ አይታሰብም። ጉዳቱም አለ፤ የራስ አይደለም፤ በበዓል ሰሞን ሌላ ሰው ቀድሞ ይይዘዋል።

በመጀመሪያው ጉዞ ከሱብሒ በኋላ ጎህ ሳይገፍ ሴቶቹ ወደ ውሃው ወረዱ። እኛ ከላይ ጀርባችንን ሰጥተን መንገዱን ጠበቅን። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ዋናው የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከዳር ጥቂት ራመድ ሲባል መሬቱ ይጠፋል። ስለዚህ ገመድ አስይዘናቸው፣ ከጉልበት እንዳያልፉ አስጠንቅቀናቸው ነበር። ምን ያህል እንደገቡ አላየንም፤ ሳቃቸው ግን እስከ እኛ ይሰማ ነበር። ልብሳቸው እስከ ወገብ ረጥቦ ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ እግረ መንገዳችንን በዚያ ማሳ በኩል አለፍን። በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ በር አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጡ ሰው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኒያው አባት ናቸው። ገዢው ከአዲስ አበባ ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ዘበኛ አድርጎ ቀጥሯቸዋል። ስለ ባጃጁ ጠየቅናቸው። ልጃቸው በሦስተኛው ወር ሸጦታል። እርጎ ስለሌላቸው ይቅርታ ጠየቁን፤ ላሟ የምትግጥበት አልነበረም። ሴቶቹ ከያዙት ምሳ ከፍለው ሰጧቸው፤ እኛም አብረናቸው በአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ውሃው ከዚያ አይታይም ነበር።